ውድ ደንበኛችን

ጥር ስድስት ሌሊት፣ ከአራዳ ጓሮ፣
ክር ከሚሸጥበት ከዘርፌ ሱቅ ጀምሮ፣
እሳቱ ሰፈሩን በተራ ሲቆጥር
እኔ ቁልፍ ይዤ ቆምኩ ከአስፋልቱ ዳር።
ቁልፉ ነው የተረፈኝ። በሩ ግን ነደደ።
አርባ አንድ ቀሚስ፣ ተጠልፎ፣ ተዘምዝሞ፣ ገና ያልተወሰደ፣
ከነማንጠልጠያው ተያይዞ ወረደ።
"ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ይላል ያገሬ ሰው፤
የኔን መቀስ ሳይሆን እሳት ነው የቆረሰው።

ቦቴው ዘግይቶ ደረሰ፣ ሆዱ ግማሽ ባዶ፤
የሰፈሩ ቧንቧ አፉን ከፍቶ፣ አየር ብቻ አውርዶ፣
አንገረብ ውሃውን ታቅፎ ተኝቶ ከከተማው ጫፍ፣
እኛ በእርጥብ ጆንያ ነበልባል ስንገርፍ።

ሲነጋ ስልኬ ተንጫጫ፤ ከኪሴ ነበርና እሱ አልተቃጠለም።
"ውድ ደንበኛችን፣ እንኳን አደረስዎ" ይላል፤ "ሂሳብዎ አልተከፈለም፤
በአምስት ቀን ውስጥ ካልከፈሉ አገልግሎትዎ ይቋረጣል።"
ምሰሶው ተጋድሟል፣ ሽቦው እንደ ሰም ቀልጧል፤
ቆራጩ መጥቶ ምኑን ሊቆርጥ? እሳት ቀድሞት ቆርጧል።

መስኮት ቁጥር ሦስት። ወረፋው እስከ ደረጃው ይዘልቃል።
ጥበቃው ቢተው፣ ከየት እንደመጣሁ ከጫማዬ አመድ ያውቃል፤
ምንም ሳይለኝ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ እሱ ቆሞ ዋለ።
ከዚያ ቤት ያገኘሁት አገልግሎት ያ ነው፤ ሌላ የለ።

"ቆጣሪዬ ነድዷል" አልኳት።
"ያምጡት።"
"ምኑን?"
"ቆጣሪውን።
የድርጅቱ ንብረት ነው። ካልመለሱ ሲስተሙ አይዘጋም ውሉን፤
ኪራዩ በየወሩ ይቆጥራል።" ድምጿ ክፉ አልነበረም፤
አፏ የለመደው ነው። ቀና ብላም አላየችኝም።

ሄድኩ። አመዱን በእጄ ፈለፈልኩ። ተጨማዶ አገኘሁት፤
በማዳበሪያ ጠቅልዬ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፌ ወሰድኩት።
"ቁጥሩ አይነበብም" አለች፣ መለሰችልኝ እያዘነች።
ቆጣሪ ሞተ እንጂ፣ ቆጠራ መች ሞተች?

ዘርፌ ሲም ካርድ ልታወጣ ሄዳ፣ "ጣትዎን እዚህ ያሳርፉ" አሏት።
ጣቷ በፋሻ ነው። "ሲሻልዎት ይምጡ" ብለው ሸኟት።
እኔ መድን ቤት ሄድኩ፤ ስድስት ዓመት ሳላዛንፍ የከፈልኩ።
"የውሉ ዋና ቅጂ?" "ነድዷል።" "መንደዱን የሚገልጽ ወረቀት" ሲሉኝ ሳቅኩ፤
ወረቀት ስለ ወረቀት ሞት እንዲመሰክር!
ያን ሌሊት ብንጮህለት ያልመጣው ውሃ፣ ወሩ ሲያልቅ ሳይቀር
መጣ። በቢል መጣ።

"ደንበኛ" የሚሉት፣ ለካ፣ ደንብ የበዛበት ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ምሬት በአፌ ይዤ፣ ከፍርስራሹ ደጃፍ ሳለሁ
ውባለም መጣች። "ቀብዴን" አለች ቀስ ብላ፤ "ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤
ስምንት መቶ ነበር። ለልጄ ማስመዝገቢያ..."

"ደረሰኝ ይዘሻል?" አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። የዚያን መስኮት ምላስ ማን አፌ ውስጥ እንዳስቀመጠው እንጃ።
አየችኝ። "አንተ ደረሰኝ ሰጥተህ ታውቃለህ?"

መዝገቤ ነድዷል። ዐይኔን ጨፈንኩ፦
ትከሻ ሠላሳ ዘጠኝ። ወገብ ሰባ ስድስት።
የግራ ክንዷ ከቀኙ በጣት ስፋት ያጥራል፣ በልጅነቷ ተሰብሮ።
ጥለቱ አረንጓዴ ይሁን ብላ፣ በማግስቱ መጥታ
"ተወው፣ ወይን ጠጅ አድርገው" ያለችኝ እሷ ናት።
ከዚህ ወዲያ ምን ደረሰኝ አለ?

ለቆጣሪው ኪራይ የያዝኳት ሦስት መቶ ነበረች። ሰጠኋት።
አምስት መቶ ቀረብኝ።
ከቆመው ግድግዳ ላይ፣ ከማሽኔ ጠረጴዛ በተረፈ ከሰል ጻፍኩት፤
ስሟን አስቀድሜ፣
ቁጥሩን ከኋላ።